ለማስታወሻ የተሰፋ ብርድ ልብስ

ትምህርት አሥራ አራት

መግቢያ

በአገራችን በብዙ አካባቢ ሰው ሲሞት የሟቹ ልብስ በለቅሶው ቦታ እየታየ ይለቀሳል። ልብሱ የለባሹን ቁመና፣ ሥራውንና አኗኗሩን ስለሚያስታውስ ኀዘንተኛው ልብሱን ባየ ቁጥር ሰውየውን ያየ ይመስለዋል። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ግን ልብሱ ለችግረኛ ይሰጣል፣ ወይም በሣጥን ተቆልፎ ይቀመጣል። በሌላ አገር፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት ገበሬ እናት የሟቹን የሥራ ልብስ ቀድደው ብርድ ልብስ ሰፉበት። ይህ ምንባብ የዚያን ብርድ ልብስና የሰፊዋን ቤተሰብ ታሪክ ያቀርባል። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቃል ተወያዩ።

1. በቤታችሁ ከአያት ወይም ከቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልብስ ወይም ዕቃ አለን? ታሪኩንስ የሚያውቀው ማን ነው?
2. በአካባቢያችሁ ያረጀ ልብስ ምን ይደረግበታል?

ምንባብ

በወንዝ የተከበበው መንደር

አላባማ በዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካ ደቡባዊ ክፍል የሚገኝ ግዛት ነው። በዚሁ ግዛት፣ በዊልኮክስ አውራጃ፣ የአላባማ ወንዝ እንደ ፈረስ ኮቴ ተጠምዝዞ የሚያልፍበት አንድ ቦታ አለ። ወንዙ መሬቱን በሦስት ወገን ስለከበበው በየብስ መግቢያው በአንድ በኩል ብቻ ነው። በዚያ ያለው መንደር ጊስ ቤንድ ይባላል፤ ትርጓሜውም «የጊ መታጠፊያ» ማለት ነው። ስሙን ያገኘው በ1816 ባሮቹን አስከትሎ በቦታው ከሰፈረው ጆዜፍ ጊ ከተባለ ባለ እርሻ ነው።

በ1845 መሬቱ በዕዳ ምክንያት ማርክ ፔትዌይ ለተባለ ባለርስት ተላለፈ። ይህ ሰው ከሰሜን ካሮላይና ግዛት ወደ አላባማ ሲዛወር መቶ ያህል ባሮቹ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ተጓዙ። ከደረሱም በኋላ ጥጥ እየዘሩ፣ እያረሙና እየለቀሙ ኖሩ፤ የጥጡ ዋጋ ግን የጌታው ነበር። ሰዎቹ የሚጠሩትም በጌታቸው ስም ነበር። ዛሬ በመንደሩ ብዙ ሰዎች፣ የሥጋ ዝምድና ያላቸውም የሌላቸውም፣ ፔትዌይ ተብለው የሚጠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በ1865 ባርነት በሕግ ተሻረ። ነገር ግን ነፃ ለወጣው ሰው የሚያርሰው መሬት አልተሰጠውም። ስለዚህ የጊስ ቤንድ ሰዎች በዚያው በቀድሞው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው ቀሩ። ጭሰኝነት በ1975 በአዋጅ እስኪሻር ድረስ በአገራችንም የነበረ ስለሆነ ትርጉሙ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአላባማ ጭሰኛ ከምርቱ ከፊሉን ለባለመሬቱ ያስረክባል፤ ዘርና ቀለብ ከነጋዴ በዱቤ ይወስዳል፤ ጥጡ በተለቀመ ጊዜ ዕዳው ይታሰብበታል። ከሂሳቡ በኋላ በእጁ የሚቀረው ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዕዳ በቀር የሚቀረው የለም።

በ1920ዎቹ መጨረሻ የጥጥ ዋጋ እጅግ እየወረደ ሄደ። በ1932 ለመንደሩ ሰዎች ያበድር የነበረ አንድ ነጋዴ ሲሞት ቤተሰቡ ዕዳው በአንድ ጊዜ እንዲከፈል ጠየቀ። ገበሬዎቹ የሚከፍሉት ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ ዕዳ እንዲያስከፍሉ የተላኩ ሰዎች ወደ መንደሩ ገብተው የ60 ያህል ቤተሰብ ንብረት ጠራርገው ወሰዱ። በቅሎና ላም፣ አሳማና ዶሮ፣ ማረሻና ጋሪ፣ በጎተራ የነበረው በቆሎና ስኳር ድንች ሳይቀር ተጫነ። በዚያ የብርድ ወራት ሕዝቡ ከረሃብ የተረፈው ቀይ መስቀል በሰጠው እህል ነበር።

በ1937 አርተር ሮትስታይን የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በመንግሥት ተልኮ ወደ ጊስ ቤንድ መጣ። ያነሣቸው ፎቶግራፎች እስከ ዛሬ ስለሚገኙ የዚያን ጊዜውን ኑሮ በዐይን ማየት ይቻላል። ቤቶቹ ከግንድ የተሠሩ ናቸው፤ በግንዶቹ መካከል ነፋስ እንዳይገባ ግድግዳው ከውስጥ በጋዜጣ ተለጥፏል። ከፎቶግራፎቹ በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ሴቶች ብርድ ልብስ ሲሰፉ ይታያሉ።

የብርድ ልብሱ አሠራር

በጊስ ቤንድ የሚሰፋው ብርድ ልብስ ሦስት ድርብ አለው። ላይኛው ገጽ ልዩ ልዩ ቁራጭ ጨርቅ እየተጋጠመ የተሰፋ ነው። ታችኛው ገበር ነው። በሁለቱ መካከል ባዘቶ ይነጠፋል። ከዚያ በኋላ ሦስቱ በአንድነት በእንጨት መወጠሪያ ላይ ተወጥረው በመርፌና በክር ከዳር እስከ ዳር በደቃቅ ስፌት ይያያዛሉ። ይህ የመጨረሻው ስፌት ለጌጥ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ባዘቶው ተንሸራትቶ በአንድ ወገን እንዳይከማች የሚይዘው እርሱ ነው።

ጋቢ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ተማሪ በዚህ አሠራርና በእኛ አገር ሙያ መካከል ያለውን ልዩነት በቀላሉ ይረዳል። ለጋቢ ጥጡ ተዳምጦና ተነድፎ ይፈተላል፤ ፈትሉም ለሸማኔ ይሰጣል፤ የሚሠራውም ልብስ አዲስ ነው። የጊስ ቤንድ ሴቶች ግን ቀኑን ሙሉ ጥጥ ሲለቅሙ ቢውሉም አዲስ ጨርቅ የሚገዙበት ገንዘብ አልነበራቸውም። የለቀሙት ጥጥ ወደ ፋብሪካ ሄዶ ጨርቅ ሲሆን ባለቤቱ ሌላ ነበር። በእጃቸው የሚቀረው ከሰውነት ላይ ያለቀው የሥራ ልብስ፣ እንዲሁም ባዶ ከረጢት ነበር። ስለዚህ ያረጀውን ልብስ እየተረተሩ ደህናውን ከተሳሳው ይለያሉ፤ ደህናውንም እየቆረጡ ያጠራቅማሉ።

ቁራጩን የሚያጋጥሙበት መንገድ ልዩ ልዩ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የተለመደው «የቤት ጣሪያ» የሚባለው ነው። በዚህ ንድፍ መካከል ላይ አንድ አራት ማዕዘን እራፊ ይደረግና በዙሪያው ረጃጅም ቁራጮች ደረጃ በደረጃ እየተጨመሩ ይሰፋሉ፤ ሲያልቅም ከላይ የታየ ጣሪያ ይመስላል። ሆኖም ሁሉም ሴቶች ንድፉን እንዳለ አይከተሉም ነበር። አንዷ መሥመሩን ታጣምማለች፤ ሌላዋ ማንም ያልጠበቀውን ቀለም ጣልቃ ታገባለች። ይህም አንዳንድ ጊዜ የጨርቅ እጥረት ያመጣው፣ አንዳንድ ጊዜም የሰፊዋ ምርጫ ነበር።

ላይኛውን ገጽ እያንዳንዷ ሴት በቤቷ ለብቻዋ ትሰፋዋለች። ወደ መወጠሪያው በሚደርስበት ጊዜ ግን ጎረቤቶች ይሰበሰባሉ። በመወጠሪያው ዙሪያ ተቀምጠው እየዘመሩና እየተጨዋወቱ የአንዷን ጨርሰው ወደ ሌላዋ ያልፋሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌያችን ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የተነገረ ይመስላል። ትንንሽ ልጃገረዶችም በአካባቢው ሆነው እያዩ ሙያውን ይለምዱ ነበር።

ብርድ ልብሱ አገልግሎቱ ብዙ ነበር። ከላይ ይለበሳል፤ ከሥርም ይነጠፋል፤ ነፋስ በሚገባበት ግድግዳና መስኮት ላይም ይሰቀላል። ፈጽሞ ካረጀ በኋላ ደግሞ ጭሱ ትንኝ እንዲያባርር ቀስ እያለ እንዲነድ ይደረጋል። እንግዲህ ማንም ሰው ብርድ ልብስን ለመጪው ትውልድ ላስቀምጥ ብሎ አይሠራም ነበር። ከጥንቶቹ ብዙዎቹ ያልደረሱን ስለዚህ ነው።

የሟቹ የሥራ ልብስ

ወይዘሮ ሚዙሪ ፔትዌይ በ1902 ተወለዱ። እንደ ሌሎቹ የመንደሩ ሴቶች ሁሉ እርሻውንም የቤቱንም ሥራ የሚሠሩ፣ መርፌም የሚያውቁ እናት ነበሩ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ባለቤታቸው ታመሙ፤ ስምንት ወር ያህል ከታመሙ በኋላም ዐረፉ። ልጃቸው አርሎንዝያ በዚያን ጊዜ 17 ወይም 18 ዓመት ያህል ሆኗት ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ወይዘሮ ሚዙሪ ለልጃቸው አንድ አሳብ ነገሯት። የሟቹን የሥራ ልብስ ወስደው ብርድ ልብስ ሊሰፉበት ቆርጠዋል። ምክንያታቸውም ሁለት ነበር፦ አንደኛው ባለቤታቸውን ለማስታወስ፣ ሁለተኛው ስለ ፍቅር ብለው ያንኑ ለብሰው ለመተኛት። ልጅቷ ይህን ንግግር ዕድሜዋን ሙሉ አልረሳችውም።

እናትና ልጅ ልብሱን አብረው ቀደዱት። የሱሪውን እግሮች፣ የሸሚዙን ጫፎች፣ ሟቹ የነበራቸውን ልብስ ሁሉ አወጡ። የሱሪ እግር ከታች ጠባብ፣ ከላይ ሰፊ ስለሆነ እንዳለ ቢጋጠም ጠርዙ አይገናኝም። ስለዚህ አርሎንዝያ ከላይ በኩል የተረፈውን እየቆረጠች ስፋቱ እኩል የሆነ ረጅም ቁራጭ እንድታወጣ ታዘዘች። እናትየው ቁራጮቹን አንዱን በቁመት፣ ሌላውን በወርድ እያጋጠሙ ሰፉ። የከረጢት ጨርቅም ገባበት። በ1942 ብርድ ልብሱ ተፈጸመ፤ ቁመቱም ከሁለት ሜትር በላይ ነበር።

ገበሬው የነበራቸው ልብስ ሁሉ ተሰብስቦ ለዚያ አንድ ብርድ ልብስ ልክ የሚበቃ ያህል ብቻ ሆነ። የሠራተኛው ሰው ዕድሜ በሙሉ በዚያ ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል። እንዲህ ካለው የሥራ ልብስ በተሰፋ ብርድ ልብስ ላይ ፀሐይና እጥበት ያደበዘዙት ቀለም፣ በጉልበት አካባቢ የሳሳው ቦታ፣ ሲሠሩ የነካው እድፍ ይታያል። ሰፊዋ ይህን ሁሉ ለመሸፈን ብትፈልግ ኖሮ የተጎዳውን ቆርጣ በጣለች ነበር። ለማስታወሻ የሚሰፋ ልብስ ግን ማስታወሻ የሚሆነው ከነእድፉ ነው።

አርሎንዝያ ከቤተሰቧ የተረከበችው ይህን ታሪክ ብቻ አልነበረም። ቅድመ አያቷ ዳይና ገና በልጅነቷ ከአፍሪካ በባሪያ መርከብ ተጭና ወደ አሜሪካ መምጣቷን፣ ይህም የሆነው ባርነት ሊሻር ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ መሆኑን በቃል ሲነገር ሰምታ ነበር። ቤተሰቡ ያለፈውን የሚያስቀምጥበት መዝገብ አልነበረውም። የነበረው የትልልቆቹ አንደበት፣ የትንንሾቹም ጆሮ ነበር።

መርፌና መብት

ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት የጊስ ቤንድን መሬት ገዝቶ አዳዲስ ቤቶች አሠራ፤ በ1940ዎቹም መሬቱንና ቤቱን በብድር ለገበሬዎቹ ሸጠ። በዚህ ሁኔታ የባሮቹ የልጅ ልጆች ወላጆቻቸው የደከሙበት መሬት ባለቤት ሆኑ። ቢሆንም የመምረጥ መብታቸው በሥራ ላይ አልዋለም ነበር። የአውራጃው ከተማ ካምደን ከወንዙ ማዶ ነው፤ ለመራጭነት የሚመዘገቡት በዚያ ነበር። በ1960ዎቹ ሰዎቹ ለመመዝገብ ወደ ማዶ መሻገር ሲጀምሩ፣ በ1962 መሻገሪያው ጀልባ እንዲቆም ተደረገ። በጀልባ ጥቂት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው መንገድ በየብስ ዞሮ ለሚሄድ ሰው የአንድ ሰዓት ያህል የመኪና ጉዞ ሆነ። በ1965 መጀመሪያ ማርቲን ሉተር ኪንግ ወደ ጊስ ቤንድ መጥተው በቤተ ክርስቲያን ንግግር አደረጉ። መብታቸውን በመጠየቃቸው የታሰሩም ነበሩ። ጀልባው ሥራውን እንደገና የጀመረው በ2006 ነው።

በዚሁ የትግል ዘመን፣ በ1966፣ የጊስ ቤንድና የአጎራባቹ መንደር ሴቶች «የነፃነት ብርድ ልብስ ሰፊዎች» የሚል ትርጉም ያለው ማኅበር አቋቋሙ። ብርድ ልብሶቹ በኒው ዮርክ ከተማ በሐራጅ መሸጥ ጀመሩ። ከ1972 ወዲህም ማኅበሩ ሲርስ ለተባለው ትልቅ የንግድ ድርጅት ከኮርዶሮይ ጨርቅ የትራስ ልብስ እየሰፋ ያቀርብ ነበር። ለብዙዎቹ ሴቶች ከጥጥ ለቀማ በቀር የመጀመሪያው የደመወዝ ሥራ ይኸው ሆነ። ከሥራው የተረፈው የኮርዶሮይ ቁራጭም አልተጣለም፤ ወደ መንደሩ ተመልሶ ለአዲስ ብርድ ልብስ ዋለ።

ከአልጋ ወደ ቤተ መዘክር

ወይዘሮ ሚዙሪ በ1981 ዐረፉ። በሕይወታቸው ሳሉ የእጅ ሥራቸው ከመንደሩ ውጭ ስም አላገኘም ነበር። በ2002 ግን የጊስ ቤንድ ብርድ ልብሶች ተሰብስበው በሂዩስተን ከተማ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር፣ ከዚያም በኒው ዮርክ በዊትኒ ቤተ መዘክር ለሕዝብ ታዩ። ከእነርሱም መካከል በ1942 ከሟቹ የሥራ ልብስ የተሰፋው ይገኝ ነበር። በግድግዳ ላይ እንደ ሥዕል ተሰቅለው ያዩአቸው የሥነ ጥበብ ሐያስያን የቀለማቸውንና የመሥመራቸውን ውበት እጅግ አደነቁ። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት አሥር የጊስ ቤንድ ብርድ ልብሶችን በቴምብር ላይ አሳተመ፤ ከአሥሩም አንዱ ወይዘሮ አርሎንዝያ ራሳቸው የሰፉት ነበር። ያቺ የሱሪ እግር ስትቆርጥ የነበረች ልጃገረድ አሁን ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ ሴት ወይዘሮ ሆነዋል። በ2008ም ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ይሁን እንጂ ወይዘሮ አርሎንዝያ ከማለፋቸው በፊት አንድ ትልቅ ነገር ሠርተዋል። ይኸውም የዚያን ብርድ ልብስ ታሪክ መናገራቸው ነው። አባታቸው ስንት ወር እንደታመሙ፣ እናታቸው ምን እንዳሉ፣ ልብሱ እንዴት እንደተቀደደ ሁሉንም አስረድተው ቃላቸው በጽሑፍ ተመዘገበ። እርሳቸው ባይናገሩ ኖሮ በቤተ መዘክሩ ግድግዳ ላይ የሚታየው የደበዘዘ ጨርቅ ብቻ በሆነ ነበር። ተመልካቹ መሥመሩን አድንቆ ያልፍ ይሆናል፤ በዚያ ሥር አንዲት ሴት ባለቤቷን እያሰበች እንደተኛች ግን ሊያውቅ አይችልም። ጨርቁን መርፌና ክር አቆዩት፤ ትርጉሙን ያቆየው የልጅ ምስክርነት ነው።

በእኛም አገር በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለ ጋቢ፣ ጥልፍ ቀሚስ ወይም ኩታ እንዲህ ያለ ታሪክ ይኖረዋል። ፈትሉን የፈተለው ማን ነው? ለየትኛው ሠርግ ተሸመነ? በየትኛው ክፉ ቀን ከመሸጥ ተረፈ? ልብሱ ይህን ሊመልስ አይችልም። መልሱን የሚያውቁት አያት በሕይወት ሳሉ ያልተጠየቀ ጥያቄ ከእርሳቸው ጋር ይቀበራል። ስለዚህ ቅርስን መጠበቅ ማለት ዕቃውን ከብልና ከእርጥበት መጠበቅ ብቻ አይደለም። ታሪኩን ጠይቆ፣ አዳምጦ መጻፍም ነው።

ሀ. የቃላት ፍቺ

የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የተሰጣቸውን ፍቺ አጥኑ። ከዚያም በእያንዳንዱ ቃል የራሳችሁን ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

ገበር፦ ከልብስ ሥር ወይም ከውስጥ በኩል የሚሰፋ ጨርቅ
ባዘቶ፦ ፍሬው ወጥቶ የተነደፈና የተሳሳ ጥጥ
እራፊ፦ ከጨርቅ የተቆረጠ ወይም የተቀደደ ትንሽ ቁራጭ
ጭሰኛ፦ በሌላ ሰው መሬት ላይ እያረሰ ከምርቱ የሚከፍል ገበሬ
ዱቤ፦ ዋጋው ቆይቶ የሚከፈልበት ግዢ ወይም ሽያጭ
ሐራጅ፦ ከፍ ያለ ዋጋ ለሰጠ ሰው የሚሸጥበት የገበያ ዓይነት
ሐያሲ፦ የሥነ ጥበብን ወይም የሥነ ጽሑፍን ሥራ መርምሮ የሚፈርድ ባለሙያ (ለብዙ፦ ሐያስያን)
ብል፦ ልብስን የሚበላ ትንሽ ነፍሳት

ለ. የምንባቡ ጥያቄዎች

1. የጊስ ቤንድ ብዙ ሰዎች ፔትዌይ የሚባሉት ለምንድን ነው?
2. በ1865 ባርነት ከተሻረ በኋላም ሕዝቡ በችግር የኖረበትን ምክንያት በሁለት ወይም በሦስት ዐረፍተ ነገር አስረዱ።
3. ሦስቱ የብርድ ልብስ ድርቦች ምንና ምን ናቸው? የመጨረሻው ስፌትስ ምን ጥቅም አለው?
4. ጥጥ የሚለቅሙት ሴቶች አዲስ ጨርቅ ያልነበራቸው እንዴት ነው?
5. ወይዘሮ ሚዙሪ ከሟቹ ልብስ ብርድ ልብስ የሰፉበት ሁለቱ ምክንያቶች ምን ምን ናቸው?
6. «ለማስታወሻ የሚሰፋ ልብስ ግን ማስታወሻ የሚሆነው ከነእድፉ ነው» የሚለውን አሳብ በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
7. የጀልባው መቆም ከመምረጥ መብት ጋር ምን ግንኙነት ነበረው?
8. ጸሐፊው አርሎንዝያን በምንባቡ አጋማሽ በአንቺታ፣ በመጨረሻው ላይ በአንቱታ የጠራበት ምክንያት ምን ይመስላችኋል?

ሐ. የሰዋስው ጥናት

በአማርኛ አንዳንድ ቃላት አጻጻፋቸው አንድ ሲሆን ፊደል በመጥበቁና በመላላቱ ትርጉማቸው ይለያያል። ለምሳሌ «ልብስ ሰፊ» ሲባል «ፊ» ላልቶ ይነበባል፤ ትርጉሙም የሚሰፋ ሰው ማለት ነው። «ሰፊ ሜዳ» ሲባል ግን «ፊ» ይጠብቃል፤ ትርጉሙም የጠባብ ተቃራኒ ነው።

1. ገና፣ ዋና፣ አለ የሚሉትን ቃላት አንድ ጊዜ በማላላት፣ አንድ ጊዜ በማጥበቅ አንብቡ። ለእያንዳንዱ ንባብ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።
2. «ሰፋ» ከሚለው ግሥ ስፌት፣ መስፊያ፣ ተሰፋ፣ አሰፋ የሚሉት ቃላት ይወጣሉ። በዚህ ምሳሌ መሠረት «ፈተለ» እና «ጠለፈ» ከሚሉት ግሦች የሚወጡትን ቃላት ጻፉ።

መ. የምሳሌያዊ አነጋገር ጥናት

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌ በምንባቡ ውስጥ ለምን እንደገባ አስረዱ። ስለ ኅብረት የሚናገሩ ሌሎች ሁለት ምሳሌዎች ከቤተሰባችሁ ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።

ሠ. ክርክር

«ለቤት አገልግሎት የተሠራ የእጅ ሥራ በቤተሰቡ እጅ ቢቀር ይሻላል ወይስ በቤተ መዘክር ቢቀመጥ?» በሚለው ርእስ በሁለት ወገን ተከፍላችሁ ተከራከሩ። እያንዳንዱ ተከራካሪ ከምንባቡ ቢያንስ አንድ ማስረጃ ያቅርብ።

ረ. ድርሰት

በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ካለ አሮጌ ልብስ ወይም የእጅ ሥራ አንዱን ምረጡ። ታሪኩን ከሚያውቁት አዛውንት ዘንድ ቀርባችሁ የሚከተሉትን ጠይቁ፦ ማን ሠራው? ከምን ተሠራ? ለማን ተሠራ? እንዴት እስከ ዛሬ ደረሰ? የሰማችሁትን ሁሉ በማስታወሻ ከያዛችሁ በኋላ ከሁለት ገጽ የማያንስ ድርሰት ጻፉ። ድርሰቱን ለመምህራችሁ ካሳያችሁ በኋላ አንድ ቅጂ ጽፋችሁ ከዕቃው ጋር በቤታችሁ አስቀምጡ።